ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ፦ የፈጣን ፓስታ እራት ሳይንስ

አንዲት መምህርት ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ተዛወረች እንበል። ከሥራ የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ለነገ የሚታረሙ ደብተሮች ይጠብቋታል፤ ለእራት ያላት ደግሞ አንድ እሽግ ፓስታ ነው። አርባ ምንጭ ሳለች ውኃው ሲፈላ ፓስታውን ትጨምር፣ እሽጉ ላይ እንደ ተጻፈው አሥር ደቂቃ ያህል ትጠብቅ፣ ከዚያም ታወጣ ነበር። በጨንቻ ግን ያው ፓስታ፣ በያው ድስት፣ ለያው አሥር ደቂቃ ተቀቅሎ መሐሉ ጥሬ ሆኖ ይወጣል። እሳቱን ብታበረታው ውኃው የባሰ ይንተከተካል እንጂ ለውጥ የለም። ለመሆኑ ምን ተፈጠረ?

መልሱ ያለው በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ነው። ፓስታ ምን ጊዜም የችኩል ሰው ምግብ ተደርጎ ስለሚታሰብ ስለ አበሳሰሉ ብዙ አንጨነቅም። ይሁን እንጂ በዚህ ቀላል እራት ውስጥ የግፊት፣ የሙቀትና የሥርገት ሕጎች በአንድነት ይሠራሉ። እነዚህን ሕጎች የተረዳ ሰው ጊዜውን ያተርፋል፤ ከሰሉን ወይም የመብራት ወጪውን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ካስፈለገውም ፓስታውን ራሱ በቤቱ ይሠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

የሚፈላ ውኃ ሁሉ እኩል አይሞቅም

ውኃ ፈላ የምንለው ከውስጡ የሚነሣው የእንፋሎት ግፊት በላዩ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ግፊቱም ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። በግርድፉ ሲሰላ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ነጥብ በአንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 87 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ ውኃ የሚፈላው በ95.7 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከከተማዋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ተከትለን የዶርዜን መንደሮች አልፈን ጨንቻ ስንደርስ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ቆመናል። እዚያ ግፊቱ 73 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ሲሆን ውኃውም በ91 ዲግሪ ይፈላል። ለንጽጽር ያህል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የአዲስ አበባ ክፍል ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማበርታት ሙቀቱን አይጨምረውም። የሚጨምረው የሚተነውን ውኃ መጠን ነው። ሁለተኛ፣ እሽጉ ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ውኃው ወደ 100 ዲግሪ ይቀርባል በሚል ግምት የተለካ ስለሆነ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

«ጨው ብንጨምርበትስ የመፍያው ነጥብ ከፍ አይልም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ጨው ብንጨምር የሚገኘው ጭማሪ 0.2 ዲግሪ እንኳን አይሞላም። የጨንቻን ዘጠኝ ዲግሪ ጉድለት በጨው እንሙላ ብንል እራቱን የሚበላው አይገኝም። ጨው የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ ነው።

በፓስታው ውስጥ ምን ይፈጸማል?

ደረቅ ፓስታ በዋነኛነት ስታርችና ፕሮቲን ነው። በውስጡ የሚቀረው ውኃ ከመቶ አሥራ ሁለት ያህል ብቻ ነው። ሲቀቀል ሁለት ነገሮች ይከናወናሉ። የመጀመሪያው ውኃ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ሁለተኛው፣ የገባው ውኃ ከሙቀት ጋር ተባብሮ ስታርቹን መለወጡ ነው። የስታርች ቅንጣት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብዙም አይለወጥም። የስንዴ ስታርች ሙቀቱ ከ55 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ክልል ሲደርስ ግን ውኃ እየጠጣ ያብጣል፤ ወጥ የሆነ ለስላሳና የሚያጣብቅ ነገርም ይሆናል።

ይህ ክስተት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ከቦካው የጤፍ ሊጥ ጥቂት ቀንሰው በፈላ ውኃ አብስለው አብሲት ሲጥሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቀጭኑ ብጥብጥ እሳት ላይ ወፍሮ የሚጠጥረው ስታርቹ ውኃውን ስለሚጠጣ ነው። ገንፎ ሲገነፋም የሚፈጸመው ያው ነው።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ስታርቹን ለመለወጥ 70 ዲግሪ ያህል ከበቃ፣ የጨንቻው 91 ዲግሪ ከሚያስፈልገው በላይ ነው ማለት ነው። ታዲያ የመምህርቷ ፓስታ ለምን ዘገየ? የዘገየው ውኃው በመንገድ ላይ ስለ ነበረ ነው። የውኃ ሞለኪውሎች በፓስታው አካል ውስጥ ሠርገው ወደ መሐል የሚደርሱበት ፍጥነት በሙቀቱ ይወሰናል፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ጉዞው ይዘገያል። ከድስቱ አንድ ዘንግ ስፓጌቲ አውጥታችሁ በቢላዋ ብትቆርጡት መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ታያላችሁ። ያ ነጥብ ውኃ ገና ያልደረሰበት ስታርች ነው። ነጥቡ ሊጠፋ ሲቃረብ ፓስታው ደርሷል። ከየትኛውም ሰዓት ይልቅ የሚታመነውም ምልክት ይኸው ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል፦ የፓስታ የመብሰያ ጊዜ በአብዛኛው ውኃ ወደ መሐሉ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት የማፍጠኛ መንገዶች ሁሉ ይህንን መንገድ የሚያሳጥሩ ወይም ጉዞውን ያለ እሳት እንዲፈጸም የሚያደርጉ ናቸው።

የጉዞውን መንገድ ማሳጠር

የሥርገት ሕግ እንደሚያስረዳን አንድ ነገር በሥርገት የሚጓዝበት ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ውፍረቱ በግማሽ ከቀነሰ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፓጌቲ አሥር ደቂቃ ከፈለገ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭን የሾርባ ፓስታ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይበቃዋል ማለት ነው። በጥድፊያ ምሽት ከሱቅ የሚገዛውን ስንመርጥ ከሁሉ አስቀድመን ማየት ያለብን ውፍረቱን ነው። ወፍራም ማካሮኒ ለበዓል ቀን ይቆይ።

ሁለተኛው መንገድ ውኃውን አስቀድሞ ማስገባት ነው። ደረቅ ፓስታን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ዘፍዝፎ ማቆየት ይቻላል። ቀዝቃዛ ውኃ ስታርቹን ስለማይለውጠው ፓስታው እርስ በርሱ አይጣበቅም፤ ነጣ ብሎ ይለሰልሳል እንጂ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ስለሆነ በፈላ ውኃ ወይም በፈላ ስጎ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ይደርሳል። ከትምህርት ወይም ከሥራ እንደ ተመለሱ ዘፍዝፎ፣ ልብስ ለውጦ፣ ሽንኩርት ከትፎ እስኪጨርሱ ፓስታው ያለ አንዳች እሳት ግማሽ መንገዱን ይጨርሳል። ሆኖም እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት ከተማ ከጠዋት ጀምሮ ዘፍዝፎ መዋል አይገባም። እርጥብ ስታርች በሙቀት ለባክቴሪያ ምቹ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል።

ሦስተኛው መንገድ ውኃውን ገና ከመጀመሪያው በሊጥ መልክ ይዞ መነሣት ነው። ይህም በቤት ውስጥ የሚሠራ ትኩስ ፓስታ ነው።

ሊጡን በቤት ውስጥ

ፓስታ ወደ አገራችን የገባው ከጣሊያኖች ጋር ነው። ማካሮኒ፣ ፉርኖ፣ ፈርኔሎና ፊሌቶ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የተሻገሩ ናቸው። ፓስታ የሚሠራበት የስንዴ ዓይነት ግን ለኢትዮጵያ ምድር እንግዳ አይደለም። ዱረም ተብሎ የሚጠራው ጠንካራ ስንዴ በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ ኖሯል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. በአገራችን ተዘዋውሮ ዘር በሰበሰበ ጊዜ ያስደነቀው የዚህ ስንዴ የዓይነት ብዛት ነበር። በቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም ለረዥም ዓመታት በዱረም ስንዴ ማሻሻል ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

ዱረም ለፓስታ የተመረጠው በፕሮቲኑ ብዛትና በጥንካሬው፣ እንዲሁም በተፈጥሮው ቢጫ ቀለም ስላለው ነው። በገበያ በብዛት የሚገኘው የፉርኖ ዱቄት ግን ከዳቦ ስንዴ የሚፈጭ ነው። ቢሆንም ለቤት ፓስታ በሚገባ ያገለግላል፤ ጉድለቱን እንቁላል ይሞላዋል።

ለሁለት ሰው 200 ግራም ዱቄትና ሁለት እንቁላል ይበቃል። ዱቄቱ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ እንቁላሉ ይፈሰስበትና ቀስ በቀስ ይደባለቃል። ከዚያም ለአሥር ደቂቃ ያህል በመዳፍ ይታሻል። በማሸት ጊዜ ግሊያዲንና ግሉተኒን የተባሉት ሁለቱ የስንዴ ፕሮቲኖች ከውኃ ጋር ተዋሕደው ግሉተን የሚባለውን የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። ፓስታው በፈላ ውኃ ውስጥ እንዳይበተን ስታርቹን አቅፎ የሚይዘው ይህ መረብ ነው። የጤፍ ሊጥ የቱንም ያህል ቢታሽ የማይለጠጠው ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ነው።

የታሸው ሊጥ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሳህን ተሸፍኖ ለግማሽ ሰዓት ማረፍ አለበት። ወዲያው ልዳምጠው ቢሉ እየተኮማተረ ያስቸግራል። በዕረፍቱ ጊዜ የተወጠረው መረብ ይላላል፤ ውኃውም ለእያንዳንዱ የዱቄት ቅንጣት ይዳረሳል። ይህ ግማሽ ሰዓት ለባለ ብዙ ሥራ ሰው የተበረከተ ጊዜ ነው፤ ደብተር ይታረምበታል፣ ይጠናበታል፣ ስጎም ይሠራበታል። በመጨረሻም ሊጡ ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ በመዳመጫ፣ ከሌለም በታጠበ ጠርሙስ፣ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይዳመጣል። ዱቄት ነስንሶ፣ ጠቅልሎ በቢላዋ በቀጫጭኑ መቁረጥና መበተን ነው።

እንዲህ ያለው ፓስታ ውኃውን ቀድሞ ስለያዘና ቀጭን ስለሆነ በአርባ ምንጭ በፈላ ውኃ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። በጨንቻም ቢሆን ከዚያ ትንሽ ብቻ ይጨምራል። የከፍታው ልዩነት እምብዛም የማይታወቀው በትኩስ ፓስታ ላይ ነው፤ ውኃው የሚጓዘው ረዥም መንገድ የለምና። ለጾም ቀን እንቁላሉን በመቶ ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ውኃ መተካት ይቻላል። የሊጡ ጥንካሬ ጥቂት ቢቀንስም ጥሩ እራት ይወጣዋል።

ኩርኩፋ ያስተማረን

ሊጥን በውኃ ቀቅሎ መብላት የጣሊያኖች ብቻ ጥበብ አይደለም። በኮንሶ፣ በደራሼና በጋሞ ቆላማ አካባቢዎች የሚታወቀው ኩርኩፋ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ወይም ከጎመን ጋር የሚቀቀል ምግብ ነው። በቆሎና ማሽላ ግሉተን ስለሌላቸው ሊጣቸው እንደ ስንዴ ተለጥጦ አይዳመጥም። ስለዚህ የኩርኩፋ ሊጥ በትናንሽ ድቡልቡል መልክ ይዘጋጃል። ወደ ፈላ ውኃ ሲገባ የውጭው ስታርች በፍጥነት አብጦ እንደ ቅርፊት ይሆንና ድቡልቡሉን ከመበተን ይጠብቀዋል። ትንሽ መሆኑም ሙቀቱና ውኃው ቶሎ ወደ መሐል እንዲደርሱ ይረዳል።

የሥርገትን ሕግ በቀመር ያልጻፉት የአካባቢው እናቶች በእጃቸው ያውቁታል ማለት ነው። አንድ ትልቅ ድቡልቡል ከመሥራት ብዙ ትናንሽ መሥራት፣ ሁለት ሚሊ ሜትሩን ስፓጌቲ ትቶ አንድ ሚሊ ሜትሩን ከመምረጥ ጋር አንድ ነው።

እሳቱን ማጥፋት

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። የሁለት ሊትር ውኃን ሙቀት ከ22 ዲግሪ ወደ አርባ ምንጭ የመፍያ ነጥብ ለማድረስ ወደ 616 ኪሎ ጁል ሙቀት ያስፈልጋል። ይህ ብዙ አይደለም። ብዙው የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የፈላ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ወደ 2,260 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ድስቱ ተከፍቶ በኃይል ሲንተከተክ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢተን 1,130 ኪሎ ጁል ወደ ጣሪያ ወጣ ማለት ነው። ይህም ሁለቱን ሊትር ለማፍላት ከወጣው ሁለት እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ፓስታውን በአንዲት ዲግሪ እንኳን አላሞቀውም።

ፓስታ ለመብሰል የሚንተከተክ ውኃ የማያስፈልገው ከሆነ፣ እሳቱን ማጥፋትስ ይቻል ይሆን? በ2021 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጣሊያናዊው ጆርጆ ፓሪሲ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በአገራቸው የጋዝ ዋጋ በናረ ጊዜ ይህንኑ ዘዴ በማኅበራዊ ድረ ገጽ አጋርተው ነበር። ሐሳባቸው በአገራቸው ትልቅ ክርክር አስነሣ። አንዳንድ የምግብ ባለሙያዎች ፓስታው ጥራቱን ያጣል ሲሉ ተቃወሙ። በፊዚክስ በኩል ግን ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም።

ስሌቱን ራሳችን እንሥራው። በአርባ ምንጭ በ95.7 ዲግሪ በሚፈላ ሁለት ሊትር ውኃ ውስጥ 300 ግራም ደረቅ ፓስታ ስንጨምር የውኃው ሙቀት ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል። በጨንቻ ከ91 ወደ 86 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ስታርቹ ከሚፈልገው 70 ዲግሪ እጅግ በላይ ናቸው። ስለዚህ ፓስታው ከገባ በኋላ ውኃውን እንደገና አፍልቶ፣ ለሁለት ደቂቃ እያማሰሉ ቆይቶ፣ ድስቱን ከድኖ ከእሳት ማውረድ ይበቃል። እሽጉ ላይ ካለው ደቂቃ በተጨማሪ በአርባ ምንጭ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በጨንቻ ደግሞ ከዚያ ዘለግ ላለ ጊዜ ጠብቆ ነጩን ነጥብ መመልከት ነው።

የጨንቻ ብርድ ድስቱን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል ለሚል ሰው መፍትሔው በቅርብ አለ። የዶርዜ ሸማኔዎች የሚሠሩት የጥጥ ጋቢ በድርና ማጉ መካከል አየር አምቆ ይይዛል። የታመቀ አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ሰውን ከብርድ የሚከላከለው ጋቢ ድስትንም ሙቀቱን እንደ ያዘ ያቆየዋል። ከእሳት ርቆ በተቀመጠ ድስት ላይ ያረጀ ጋቢ ወይም ወፍራም ፎጣ መጠቅለል፣ እሳት የነደደበት ያህል ይጠቅማል። እሳቱ ሳይጠፋና ድስቱ ከምድጃው ሳይርቅ ግን ጨርቅ ማስጠጋት አደጋ አለው።

በዚህ መንገድ የሚተርፈውን እናስላ። በተለመደው አሠራር ሦስት ሊትር ውኃ ክፍት ድስት ውስጥ ብናፈላና ግማሽ ሊትሩ ቢተን ወደ 2,050 ኪሎ ጁል ሙቀት ይፈጃል። በሁለት ሊትር፣ በተከደነ ድስትና በሁለት ደቂቃ ፍላት ብንሠራ፣ የሚተነውም አንድ መቶ ግራም ያህል ቢሆን፣ ወጪው ወደ 840 ኪሎ ጁል ይወርዳል። ከግማሽ በላይ ተረፈ ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ለሚያበስል ይህ የወጪ ጉዳይ ነው። መብራት በመሐል ቢጠፋም እራቱ አይበላሽም።

በማገዶና በከሰል ለሚያበስል ግን ከወጪም ያልፋል። የአርባ ምንጭ ነዋሪ ለረዥም ዘመን ማገዶ ሲያገኝ የኖረው ከከተማዋ ሥር ከሚገኘው ደንና ከነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነው። ከዚያ የእንጨት ሸክም ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡት በአመዛኙ ሴቶች ናቸው። ለከተማዋ ስም የሆኑት ምንጮች የሚፈልቁትም በዚያው ደን ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ድስት ላይ የሚተነው ግማሽ ሊትር ውኃ የሚለካው በነዚያ ሴቶች ጀርባና በዚያ ደን ነው።

አንድ ምድጃ፣ ሁለት ድስት

ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ሌላም ጥቅም ይገኛል፦ ምድጃው ነፃ ይሆናል። ባለ አንድ ምድጃ ተማሪ ፓስታው በራሱ ሙቀት ሲበስል ስጎውን በዚያው ምድጃ ላይ ይሠራል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ።

የአካባቢው ስጎ ከሽፈራው ቅጠል ሊሠራ ይችላል። በጋሞ ሀለኮ የሚባለው ይህ ዛፍ በየጓሮው ይገኛል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት ካወጣ በኋላ የተከተፈ ቲማቲም፣ ቀጥሎም ታጥቦ የተቀነጠበ ለጋ የሽፈራው ቅጠል ይጨመርበታል። ቅጠሉ እስኪለሰልስ ድረስ በፓስታው ውኃ እየተቀነሰ ይበስላል። የሽፈራው ቅጠል በቪታሚን ኤ መነሻዎች፣ በካልሲየምና በብረት የታወቀ ነው። የቪታሚን ኤ መነሻዎች በሰውነት በሚገባ የሚወሰዱት ከቅባት ጋር ሲበሉ ስለሆነ ዘይቱ ከማጣፈጥ ያለፈ ሥራ አለው። የፍስክ ቀን ከሆነ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ የቆሮሶ ፊሌቶ በትናንሹ ተቆርጦ መጨረሻ ላይ ይገባል። ሥጋው ነጥቶ በሹካ መላላጥ ሲጀምር በስሏል።

ፓስታው የተቀቀለበት ውኃ መደፋት የለበትም። ከፓስታው የወጣ ስታርች ስላለበት አንድ ጭልፋ ብቻ ወደ ስጎው ሲጨመር ዘይቱንና የቲማቲሙን ውኃ አዋሕዶ ወፈር ያደርገዋል፤ ስጎውም ከፓስታው ላይ አይንሸራተትም። በአንጻሩ ፓስታው እንዳይጣበቅ በሚል ውኃው ላይ የሚጨመር ዘይት ከላይ ተንሳፍፎ የሚቀር በመሆኑ ብክነት ነው። መጣበቅን የሚከለክለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች በደንብ ማማሰል ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው ስለ ከሰል ነው። ከሰል በቂ አየር በሌለበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምና ሽታ የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። በብርድ ምሽት፣ በጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ በርና መስኮት ዘግቶ በፈርኔሎ ማብሰል፣ ከዚያም ፍሙን እንዳለ ትቶ መተኛት በአገራችን በተደጋጋሚ ሕይወት የቀጠፈ ልማድ ነው። ፈርኔሎ ከደጅ ይነድ፤ ካልተቻለም በርና መስኮት ይከፈት፤ ሲተኙ ፍሙ ከክፍሉ ይውጣ።

ሁለተኛው ስለ ትራፊ ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩን በጠንካራ ሽፋን ስለሚጠቀልል በመቀቀል አይሞትም። የተቀቀለ ፓስታ ወይም ሩዝ በክፍል ሙቀት ሲያድር ይራባል፤ ከሚያመነጫቸው መርዞች አንዱ ደግሞ ምግቡን መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። በ2008 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም አንድ የ20 ዓመት ተማሪ ለአምስት ቀናት በክፍል ሙቀት የቆየ ስፓጌቲ በልቶ ሕይወቱ ማለፉ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። እንዲህ ያለው ክፉ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሆኖም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ በተለይም በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ለአንድ ምሽት የሚበቃውን ብቻ መሥራት ብልህነት ነው።

አንባቢ ሊሞክረው የሚችል

ሳይንስ በወሬ ብቻ አይታመንም። ከአርባ ምንጭና ከጨንቻ፣ ወይም ከሌሎች ሁለት የተለያየ ከፍታ ካላቸው ከተሞች የመጡ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲሄዱ ይህን ሙከራ በቀላሉ መሥራት ይችላሉ። አንድ ዓይነት ፓስታ፣ እኩል ውኃና ከቤተ ሙከራ የተገኘ ቴርሞሜትር ይበቃል። ውኃው የፈላበትን ሙቀት መዝግቡ። ከዚያም በየደቂቃው አንዳንድ ዘንግ እያወጣችሁ ቁረጡና ነጩ ነጥብ የጠፋበትን ደቂቃ ጻፉ። ሙከራውን በተዘፈዘፈ ፓስታና በቤት በተሠራ ትኩስ ፓስታ ድገሙት። ሦስቱን ውጤቶች በግራፍ ስታስቀምጡ፣ ከፍታው ይበልጥ ያዘገየው የትኛውን እንደ ሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የጨንቻዋ መምህርትም ከእንግዲህ እሽጉን አትወቅስም። ከትምህርት ቤት እንደ ገባች ፓስታዋን ትዘፈዝፋለች፤ ጊዜ ባላት ቀን ደግሞ ሊጥ አሽታ ታሳርፋለች። ደብተር አርማ ስትጨርስ ውኃዋን ታፈላለች፤ ፓስታውን ጨምራ፣ ጥቂት አማስላ፣ ድስቱን ከድና ታወርደዋለች፤ በጋቢም ትጠቀልለዋለች። ቀጥላ ስጎዋን ትጥዳለች። እሳቱ የሚነደው ቀድሞ ከሚነድበት ጊዜ እጅግ ላጠረ ጊዜ ነው፤ እራቷም መሐሉ ድረስ የበሰለ ነው።